«ነጂዋ የታለች?» ለልጄ የመጀመሪያዋን ሞተር ሳይክል ላስመረጡን መካኒክ ምስጋና

«ነጂዋ የታለች?»

ለ17 ዓመቷ ልጄ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ልገዛ በተዘጋጀሁበት ቀን፣ እንዲፈትሹልኝ የለመንኳቸው አዛውንት መካኒክ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቁኝ ይህንን ነበር። እኔ የጠራኋቸው ሞተሩን እንዲያዳምጡ፣ ዘይቱን እንዲያዩ፣ ካቴናውን እንዲነካኩ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሆኗን ስነግራቸው «እንግዲያውስ እሷ ባለችበት ቀን እንገናኝ። የሚነዳውን ሰው ሳላይ ስለሚነዳው ነገር ምን ብዬ እመክርሃለሁ?» አሉኝና የመሣሪያ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ ተመለሱ። ለድካማቸው ልክፈል ብል እጄን መለሱት።

ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር። ሻጩ ቀብድ እየጠበቀ ነው፤ ልጄም ለወራት ስትወተውተኝ የከረመችው ያንኑ ሞተር ሳይክል ነው። ዛሬ ስምንት ወር አልፎ ሳስበው ግን፣ በዚያ ቀን ከእኔ ከአባቷ ይልቅ ስለ ልጄ ያሰቡት እሳቸው ነበሩ። ምስጋናዬ በሁለታችን መካከል ብቻ እንዲቀር አልፈለግሁም። ልጁ «ሞተር ግዛልኝ» እያለ እንቅልፍ የሚነሳው ወላጅ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁና ያደረጉልንን በዝርዝር ልጻፍ።

ልንገዛው የነበረው ያማሃ አር 6 ነው፤ 599 ሲሲ፣ ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው፣ መቀመጫው ከመሬት 85 ሳንቲሜትር የሚርቅ፣ ነዳጅ ሲሞላ ወደ 190 ኪሎ የሚመዝን የስፖርት ሞተር ሳይክል። ልጄ በፎቶግራፍ አይታ የወደደችው መልኩን ነው። ሻጩ ደግሞ «ቀስ ብላ ከነዳችው ምንም አይላትም፤ ትንሽ ከገዛህላት በሦስት ወር ትሰለቸዋለች» ይለኛል። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

መካኒኩ በቀጠሮው ቀን ሲመጡ የተነጋገሩት ከልጄ ጋር ነው። የት የት ልትሄድበት እንዳሰበች፣ ብስክሌት መንዳት ትችል እንደሆነ፣ መንገድ ላይ ምን እንደሚያስፈራት ጠየቋት። ከዚያ «ነይ ልጄ፣ ውጪበት» አሏት። ወጣች፤ መሬቱን የነኩት የእግሮቿ ጣቶች ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሳ እየገፋች ግቢውን እንድትዞር አደረጓት። ወደ ቀኝ ልትጠመዝዝ ስትል ክብደቱ ወደ ውጭ አጋደለ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ሲጠፋ አየሁ። እሳቸው ከኋላዋ ቆመው ኖሮ ለቀም አድርገው ያዙት። አልተቆጧትም። «አየሽ፣ ይኼ ገና ሳይነሳ ነው» ብቻ አሏት።

ከዚያ ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ለእኔ አስረዱኝ። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል ለውድድር ሜዳ የታሰበ ነው። ጉልበቱ የተከማቸው ከላይ ነው፤ በዝግታ ሲነዱት የዋህ መስሎ ይቆይና፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ መሽከርከር ሲጀምር ነጂውን ይዞት ይወነጨፋል። ጀማሪ ደግሞ የነዳጅ እጀታውን ሳያስበው ያዞራል። ጉድጓድ ሲያነጥረው፣ ሲደነግጥ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ መሪውን ጨምድዶ ሲይዝ እጁ አብሮ ይዞራል። «ትንሹ ሞተር ይህን ስሕተት ይታገሣታል፤ ትስታለች፣ ታርማለች፣ ትማራለች። ይኼኛው ግን ለማረም ጊዜ አይሰጣትም» አሉኝ።

ይህ የእሳቸው ስጋት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ተረዳሁ። የአውሮፓ ኅብረት የመንጃ ፈቃድ ሕግ ሞተር ሳይክልን በደረጃ ነው የሚሰጠው። አገሮች ዕድሜውን ከፍ ማድረግ ቢችሉም መነሻው በ16 ዓመት እስከ 125 ሲሲና እስከ 11 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 15 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በ18 ዓመት እስከ 35 ኪሎ ዋት፣ ወደ 47 የፈረስ ጉልበት ይፈቀዳል። እኔ ለ17 ዓመት ጀማሪ ልገዛ የነበረው የዚህን የሁለተኛውን ደረጃ ከእጥፍ በላይ ነበር።

ምርጫውን ያጠበቡልን በልጄ ቁመት፣ በምትሄድበት መንገድና ሊያስፈልጋት በሚችለው ጉልበት ነው። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ ቢሆን 125 ሲሲ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን መኪና በፍጥነት የሚያልፍበት መንገድ ላይ መውጣቷ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ እንደ ልብ ፈጥኖ ከመኪናው ፊት ገለል የማይል ሞተር የራሱ አደጋ አለው። ካዋሳኪ ኒንጃ 400ን እና ያማሃ አር 3ን አነሱ፤ ሁለቱም ጀማሪን ያሰቡ ናቸው፤ መቀመጫቸው ግን 78 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። በመጨረሻ ያስቀመጧት ሆንዳ ሬብል 300 ላይ ነው። 286 ሲሲ፣ ከ30 የፈረስ ጉልበት በታች፣ ወደ 170 ኪሎ፤ መቀመጫዋ 69 ሳንቲሜትር። ልጄ ስትወጣ ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ረገጡ። ትከሻዋ ሲላላ ከሩቅ ይታይ ነበር። እሷ ራሷ ሳትጠየቅ «ይቺን ገፍቼ ልሞክር» አለች።

ያገለገለ እንድንገዛም የመከሩን እሳቸው ናቸው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞተር መጣሉ የማይቀር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቆሞ ሳለ ወይም በእግር መንገድ ፍጥነት ሲያዞር ነው የሚወድቀው። ዙሪያውን በፕላስቲክ የተሸፈነ አዲስ ሞተር አንዴ ሲወድቅ ብዙ ያስወጣል፤ ልጅንም ያሸማቅቃል። እንደ ሬብል ያለ ገላጣ ሞተር ላይ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ስፖኪዮ ወይም የፍሬን መያዣ ነው።

ሦስት ያገለገሉ ሬብሎችን አይተናል። ሲፈትሹ አጠገባቸው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትምህርት ቤት ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ከመድረሳችን በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ በስልክ ነግሬው ነበር። ስንደርስ መካኒኩ ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። ቀዝቃዛ ሞተር ነው ሕመሙን የሚናገረው፤ በችግር የሚነሳ፣ ሲነሳ የሚያንኳኳ፣ የሚያጨስ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቀድሞ የተሟሟቀ ሞተር ይህንን ሁሉ ይደብቃል። አመሰገኑና ወጣን።

ሁለተኛው ላይ ጎማው ዘንድ ተንበርክከው የእጅ ባትሪ አበሩ። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ እኛ ያየነው «3617» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2017 በ36ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ነበር፤ እኔ ብሆን «አዲስ ጎማ» ብዬ እደሰት ነበር። እሳቸው በጥፍራቸው ጫን ሲሉት እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ጥቃቅን ስንጥቆች ታዩ። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ ሲደርቅ መንገዱን አይቆነጥጥም፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይባስ ያንሸራትታል። ጎማ ግን ይቀየራል፤ ሞተሩን ያስጣለን ሌላ ነገር ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው መሪውን በቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዞሩ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ነበረ። የእኔንም እጅ ይዘው አስሞከሩኝ። የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ ከፊት ተጋጭቶ ሊሆንም ይችላል። ተውነው።

ሦስተኛውን ገዛን። ቀዝቃዛ ነበር፣ በአንድ ንክኪ ተነሳ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጠመ፣ የፊት አሞርዛተሮቹ ዘይት አልነጠቡም። ኤቢኤስ ያለውም ነው፤ በዚህ ላይ ወይ ፍንክች አሉ። ጀማሪ ሲደነግጥ የፊቱን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጣል፤ የፊት ጎማ መሽከርከሩን ካቆመ ደግሞ ሞተር ሳይክል አይቆምም፣ ይወድቃል። ኤቢኤስ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀና እየያዘ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል። በአውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በደረጃ ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡን እንዴት እንደምንከፋፍል ያሳዩንም እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ሄልሜትና ልብስ፣ ቀጥሎ ሥልጠና፣ የተረፈው ለሞተሩ። ልጄ በዚህ ጊዜ አኩርፋ ነበር። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው የዐረቡ ሎረንስ ስለሚባለው እንግሊዛዊ አጫወቷት። ያ በጦርነት ያልሞተ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን አድናለሁ ሲል ከሞተር ሳይክሉ ወድቆ በጭንቅላቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ሐኪሙም በሞተረኞች የራስ ጉዳት ላይ ጥናት ማድረግ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመው፤ የብሪታንያ ጦርም ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ልጄ ዝም ብላ ሰማቻቸው። እኔ በበኩሌ ቁጥሩን ፈልጌ አገኘሁት፦ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል።

ሄልሜቱን ስንመርጥ ማሰሪያውን አስረው ጉንጮቿን አዩ፤ ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩት የጉንጯ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ ነበረበት። ከኋላ ወደ ላይ ገፍተው ሊያወልቁት ሞከሩ። ሁለት ሄልሜቶችን በዚህ ጣሉ። ያገለገለ ሄልሜት ግን አይሞከርም፤ መውደቅ አለመውደቁን ማንም ማወቅ አይችልም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አይሆንልኝም። እኔ በወጣትነቴ ሞተር ነድቻለሁ፤ ልጄን ራሴ ላስተምራት አስቤ ነበር። በትሕትና ከለከሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ባልደረቦቹን ይዞ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በዝርዝር መርምሮ ያወጣው ሪፖርት አለ፤ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶ የሚሆኑት መደበኛ ሥልጠና ያልወሰዱ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። «አንተ የምታስተምራት ልማድህን ነው፤ ከነስሕተቱ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሥልጠናውን ከተመዘገበ አሰልጣኝ ወሰደች፤ እሳቸው ደግሞ እሑድ እሑድ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ማዞርን፣ ፍሪሲዮንን በግማሽ ይዞ መሄድን፣ ፍሬንን በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝን አለማመዷት።

በሁለተኛው ሳምንት ጣለችው። ቆማ ሳለ ነው፤ ጠጠር አንሸራተታት። እኔ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። ጀርባዋን ለሞተሩ ሰጥታ፣ ተጎንብሳ መሪውንና የመቀመጫውን ጠርዝ ይዛ፣ በወገቧ ሳይሆን በእግሮቿ ኃይል ወደ ኋላ እየተራመደች እንድታነሣው ቀድመው አስተምረዋት ነበር። አነሣችው። የፍሪሲዮኑ መያዣ ጫፉ ተሰብሯል። በማግስቱ ሲቀይሩላት መፍቻውን ለእሷ ሰጥተው እሳቸው መብራት ያዙላት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ስምዎን በአደባባይ እንዳላነሣ ያዘዙኝን ግን ጠብቄያለሁ።

ልጁን ሞተር ሊያስጀምር ያሰበ፣ ያገለገለ ሞተር የሚያስፈትሽ ሰው ከፈለገ በግል ይጻፍልኝ፤ ስልካቸውን የምሰጠው እሳቸውን አስፈቅጄ ነው። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሡም፤ ማታ ማታ ይደውሉ። ሲሄዱም ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርግ፤ ሻጩም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳ ይንገሩት።