ሁለት ነጭ ሸሚዞች ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለሥራ የሚለበስ ሸሚዝ ጥራቱ በሱቅ መስታወት ፊት አይታወቅም። እዚያ ሸሚዙ ሁሉ ተተኩሶ ተጣጥፏል፣ ደረቱ በስፒል ተወጥሯል፣ ኮሌታውም በካርቶንና በፕላስቲክ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሁለት ነጭ ሸሚዞችን እያፈራረቅሁ ወደ ቢሮ ስለብስ ቆይቻለሁ። የአንደኛው መለያ «100% ጥጥ» ይላል፤ ሁለተኛው 65% ፖሊስተርና 35% ጥጥ ነው። ሁለቱም እጀ ሙሉ፣ ሁለቱም ቁጥር 40 ሲሆኑ የጥጡ ዋጋ ከሌላው በግማሽ ያህል ይበልጣል። የሚለያያቸው ጨርቁና አሠፋፉ እንጂ ምልክቱ ስላልሆነ የአምራቾቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

ገላ ላይ ሲያርፉ ጥጡ ይሻላል። ጥጥ በተለመደ የአየር እርጥበት ከክብደቱ 8% ገደማ ውኃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ላብ ጨርቁ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በቆዳና በጨርቁ መካከል ይቀራል። በአዲስ አበባ ብርዳም ጠዋት፣ ከኮት ሥር፣ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ቀትር ላይ በሞላ ታክሲ ውስጥ ግን ድብልቁ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ለሥራ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድ ሰውማ ምርጫው ጥጥ ብቻ ነው።

በአያያዝ ረገድ ፍርዱ ይገለበጣል። ጥጡ ቶሎ ይጨማደዳል፤ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ በመለያው የካውያ ምልክት ውስጥ በሦስት ነጥብ በሚጠቆመው እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ካልተተኮሰ በስተቀር መስመር አይዝም። ድብልቁ በሁለት ነጥቡ፣ ማለትም ከ150 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይበቃዋል፤ መብራት በጠፋበት ጠዋትም ከገመድ ላይ አንስቶ ቢለብሱት አያሳፍርም። በክረምት ማታ የታጠበው ድብልቅ ጠዋት ደርቆ ሲገኝ፣ ጥጡ ፀሐይ ካልወጣ ሁለት ቀን ሊያስጠብቅ ይችላል። ሁለት ሦስት ሸሚዝ ብቻ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ልክ አንድ ነገር ልበል። 39፣ 40፣ 41 የሚባለው ቁጥር የአንገቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ነው። አስቀድሞ ያልተሰበሰበ የጥጥ ጨርቅ በመታጠብ 3% ብቻ ቢያጥር እንኳ ቁጥር 40 የነበረው አንገት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይጠብባል። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ክሉዌት እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ጨርቅን ከመሰፋቱ በፊት በማሽን የመሰብሰብ ዘዴ የመጣው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው፤ በአንዳንድ ሸሚዝ መለያ ላይ «ሳንፎራይዝድ» ተብሎ የሚጻፈውም ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው። የእኔ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ትንሽ ጠበብ ብሎ ከዚያ ቆመ፤ ሲገዛ በአንገቱና በቁልፉ መካከል ሁለት ጣት ይገባ ስለነበር እስከ ዛሬ አያንቅም። የረዘመ እጅጌና የሰፋ ወገብ በማንኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ይስተካከላሉ። ትከሻው ካለፈ ግን ሸሚዙን መተው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ያነጋገረኝ ኮሌታው ነው። ኮሌታ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሁለቱ ጨርቆች መካከል ማጠንከሪያ ስለሚገባበት ሲሆን፣ በአብዛኛው የፋብሪካ ሸሚዝ ይህ ማጠንከሪያ በሙቀትና በግፊት በሚቀልጥ ሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው በአግባቡ ካልተያዘ ወይም ማጠንከሪያውና ጨርቁ ሲታጠቡ እኩል ካልተሰበሰቡ ይላቀቃሉ፤ ያን ጊዜ ኮሌታው ላይ ፊኛ የመሰሉ እብጠቶች ይወጣሉ። በድብልቁ ሸሚዝ ላይ ጥቂት ወራት እንዳለፉ የታየው ይህ ነው። ካውያ ሲያልፍበት ጠፍጣፋ ይመስላል፣ በሚቀጥለው እጥበት እንደገና ያብጣል። በዚያ ላይ ጢም የሚነካው የአንገቱ ክፍል ጥቃቅን ኳሶች አውጥቷል፤ ፖሊስተሩ ጠንካራ ስለሆነ የተላቀቀውን የጥጥ ጭረት ይዞ ስለሚያስቀር አይረግፉም።

የጥጡ ኮሌታ ማጠንከሪያው የተሰፋ እንጂ የተለጠፈ አይደለም፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲያሹት ሽፋኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፣ በሱቅ ውስጥም ይህን መሞከር ይቻላል። እብጠት አላወጣም። ይሁን እንጂ በእጅ ሲታሽ የኖረው እጥፋቱ ተበልቶ ክሩ መታየት ጀምሮ ነበር።

ሁለቱንም በበረኪና አላጠብኳቸውም፤ በረኪና ጥጥን ያሳሳል፣ እንዳይጨማደድ በኬሚካል የታከመን ጨርቅ ደግሞ ሊያበልዘው ይችላል። የሁለቱም ብብት ትንሽ በልዟል፤ ላብ ከብብት ሽታ መከላከያ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ስለሆነ ጨርቁን አልወቅስም። ቁልፎችን በተመለከተ፣ የድብልቁ በአንድ ክር ሰንሰለታማ ስፌት የተያዙ በመሆናቸው አንዱ ጫፍ ሲሳብ ሙሉው ተፈታ፤ አዲስ ሸሚዝ የገዛ ሰው ሳይለብሰው ቁልፎቹን በመርፌ ቢያጠብቅ ይጠቀማል።

ባለፈው ወር የጥጡን ኮሌታ በሰፈሬ ላለ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ አስገለበጥኩት፤ የተበላው ወገን ወደ ውስጥ ዞሮ ሸሚዙ አሁንም ክራባት ታስሮበት ስብሰባ ይገባል። ድብልቁንም አብሬ አሳይቼው ነበር፤ ሙጫው የለቀቀ ኮሌታ ቢገለበጥም ቅርጽ እንደማይዝ ነግሮኝ መለሰልኝ። እርሱን የማስቀምጠው ጥጡ በክረምት ገመድ ላይ ለሚያድርባቸው ቀናት ነው፤ ቀጣዩን ስገዛ ግን ከዋጋው በፊት ኮሌታውን አሻለሁ።