የወል ቤት ወይስ ሰንጎ መገን?

በቡራዩና በሰበታ በኩል ግጥም የሚጀምሩ ወጣቶች ይህን አብዝተው ይጠይቁኛል። ስለ ሰፈራቸው መለወጥ መጻፍ ይፈልጋሉ፤ በየትኛው ምጣኔ፣ ማለትም በየትኛው የስንኝ ልክ?

የወል ቤት፦ ስንኙ 12 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚሰማ የቃል ድምፅ ክፍል፣ ሲላብል) ሲሆን 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል።
ከተማው ሲቃረብ፣ እርሻችንም ራቀ፤
ያባቴ ማረሻ፣ አጥር ስር ወደቀ።

ሰንጎ መገን፦ ስንኙ 10 ቀለም ነው፤ 5 እና 5።
ከተማው ቀርቦ፣ እርሻችን ራቀ፤
ያባቴ ሞፈር፣ ደጅ ላይ ወደቀ።

ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው። «ማረሻ» ሦስት ፊደልም ሦስት ቀለምም ነው፤ «አጥር» ግን ሦስት ፊደል ይዞ ሁለት ቀለም ብቻ አለው። ፊደል የሚቆጥር ሰው በሁለቱም ምጣኔዎች ይሳሳታል።

ጉዳዩም፣ ቤት መምቻው (የስንኙ መዝጊያ ድምፅ) «ቀ»ም አንድ ነው፤ የስሜቱ ልዩነት ግን እጅግ ይገርመኛል። በመጀመሪያው «ሲቃረብ» እና «እርሻችንም» ነገሩን ያዘገዩታል፤ ሐዘኑ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አንባቢም አብሮ ይተክዛል። በሁለተኛው «ቀርቦ» ፈጥኖ ይዘጋል፤ ትካዜው ወደ ወቀሳ ይጠጋል።

ለጀማሪ የወል ቤት ይቀላል፤ ለቃላት ቦታ ይሰጣል። አደጋው እዚያው ነው፤ ክፍተት ለመሙላት የገባ ትርፍ ቃል ግጥሙን ያላላዋል። ሰንጎ መገን ይህን አይፈቅድም፤ ነገር ግን ረጅም ታሪክ ሲጫንበት ይቆራረጣል።

የመሬቱን፣ የአያትን፣ የሠፈሩን ታሪክ ለሚተርክ የወል ቤትን እመርጣለሁ። በመድረክ ለሚነበብ አጭርና ቁጡ ግጥም ሰንጎ መገን ይስማማል።