እማዬ ቤት ሽንት ቤት ስናድስ፦ አዳማ ያገኘኋቸው ባለሙያዎችና አንዲት የጎማ ቀለበት

ዘንድሮ አዳማ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። ሁለቱን ሳምንት የእማዬን ሽንት ቤት ሳሳድስ አሳለፍኩ፣ ምንም አልቆጨኝም። ጉልበቷን ያማታል። ተርኪሹ ላይ ቁጢጥ ማለት ካቃታት ቆይቷል። አምና እኔ በሌለሁበት አንድ ሠራተኛ ተጠርቶ ተርኪሹን ነቅሎ በመቀመጫ ቀየረላት፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ "ጥሩ ነው ልጄ፣ ትንሽ ብቻ ይሸታል" ስትለኝ ከረመች። የእናቶቻችንን "ትንሽ" እናውቀዋለን። የሳሎኑን በር ስከፍት ነው ሽታው የተቀበለኝ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለእረፍት ሲመጣ የወላጆቹን ቤት ለማደስ ላሰበ ሰው ነው። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች አነሳለሁ፣ ብዙ የምቆየው ግን በመቀመጫውና በወለሉ ቧንቧ መካከል የምትገባው ማሸጊያ ቀለበት ላይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም አያያትም። ቤቱ የሚሸተው ወይም የማይሸተው ግን በእሷ ነው።

መንገዱን ቶሎ ልለፈው። ከቦሌ በኮንትራት መኪና በፈጣኑ መንገድ ነው የገባሁት፣ ሹፌሩ ጨዋ ነበር፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲታዩኝ ቤቴ የደረስኩ ያህል ተሰማኝ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ይበቃል። ሴራሚክ ስትጭኑ ብቻ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ቀለበት የሚባል ነገር ጭራሽ አላስገባም። ቧንቧው ላይ መቀመጫውን አስቀምጦ ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈነው። ብዙ ቤት የሚሠራው እንደዚህ ነው፣ ለጊዜው የታሸገ ይመስላል። መቀመጫው ውስጥ፣ ሸክላው በሚታጠፍበት ቦታ ሁልጊዜ ውኃ ይቆማል። ከጉድጓድ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው ያ ውኃ ነው። ከመታጠፊያው በታች ግን፣ ሸክላውና ቧንቧው በሚገናኙበት ቦታ፣ ውኃ የለም። እዚያ ያለው መከላከያ ቀለበቱ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሽታው በስንጥቁ ይወጣል። ውኃ በተለቀቀ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ከሴራሚኩ ሥር ይገባል። መቀመጫችሁ ውስጥ ውኃ ቆሞ ቤቱ አሁንም የሚሸት ከሆነ፣ የወለሉ ማፍሰሻም ደርቆ ካልሆነ፣ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። ሲሚንቶው ሌላም ጣጣ አለው። ስንነቅለው ሸክላው ተሰነጠቀ፣ አዲስ መቀመጫ ለመግዛት ተገደድን። እማዬ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ ታግሳ፣ በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ መክፈላችን እስካሁን ያናድደኛል።

እኔ ደግሞ ከሜሪላንድ የሰም ቀለበት በሻንጣ ይዤ ነበር የመጣሁት። አሜሪካ ውስጥ በጣም የተለመደው እሱ ነው፣ ጥሩ ዕቃም ነው። የጎረቤት ሰው ያገናኙን ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ያሉ ሰው፣ ቀለበቱን አገላብጠው አዩትና "ይሄ ፍላንጅ ይፈልጋል ልጄ፣ እዚህ ፍላንጅ የት አለ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰሙ ሥራውን የሚሠራው ወለሉ ላይ የታሰረ ፍላንጅ፣ ማለትም መቀመጫው በብሎን የሚያዝበት የቧንቧው አፍ ክብ ማሰሪያ፣ ሲኖር፣ መቀመጫው በሁለት ብሎን ወደ ታች ሲሳብና ሰሙን እኩል ሲጨፈልቀው ነው። እማዬ ቤት ያለው ከወለሉ ብቅ ያለ ባዶ 110 ቧንቧ ነው። ልኩም ቢሆን አንድ አይደለም። እኛ ዘንድ አራት ኢንች ብለን የምንጠራው የፕላስቲክ ቧንቧ በውጭ በኩል 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሜሪካው አራት ኢንች 114 ይሆናል። አራት ሚሊ ሜትር ለማሸጊያ ብዙ ነው።

ሰም ሌላም ጠባይ አለው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። መቀመጫውን አስቀምጣችሁ "ትንሽ ወደ ግራ" ብላችሁ ካነሳችሁት አዲስ ቀለበት ያስፈልጋል። አሜሪካ ከሆናችሁ ሱቁ ቅርብ ነው፣ ሌላ ትገዛላችሁ። አዳማ ላይ ያ አንዱ ከተበላሸ ሥራው ይቆማል። ጎማ ግን ቢነሳ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ሙቀትም አያላላውም፣ የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰሙን ትተን ወደ ጎማ ሄድን።

ጎማውን ከመግዛታችን በፊት ግን ጋሼ፣ ማለትም ቧንቧ ሠራተኛው፣ አንድ ነገር ከለከሉኝ። "ሴራሚኩ ሳያልቅ ምንም እንዳትገዢ" አሉ። ያኔ ቸኩዬ ስለነበር አልገባኝም ነበር። ነገሩ ይህ ነው፦ አዲሱን ሴራሚክ በድሮው ሊሾ ላይ ስናነጥፍ፣ ከነማጣበቂያው ወለሉ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ቧንቧው ግን ባለበት ነው። ወለሉ ከፍ ሲል ቧንቧው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀለበቱም ላይደርስበት ይችላል። ፍላንጅ ባለበት ቤትም ሕጉ አንድ ነው። የፍላንጁ ራስ ካለቀው ወለል ጋር እኩል ወይም እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል መደበኛው ቀለበት ይበቃዋል። ወለሉ ውስጥ ከሰመጠ ወፍራሙ ቀለበት ወይም የፍላንጅ ማስረዘሚያ ይፈለጋል። ሁለት ሰም መደራረብ ግን አታስቡ፣ በመሃላቸው ሊንሸራተት ይችላል። እኛ ቧንቧውን በማገጣጠሚያ አስረዝመን፣ ሴራሚኩ ከደረቀ በኋላ ከወለሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ጋሼ በመጋዝ ቆረጡት። አፉን በአሸዋ ወረቀት ሲያለሰልሱ ከመቁረጡ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው፣ ሻካራ ጠርዝ ጎማውን ይቆርጠዋል ብለው።

ሴራሚክ አንጣፊው ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራው ንጹሕ፣ ቀጠሮ ላይ ግን ደካማ። ሁለት ቀን ቀረብን። ሲመጣ ግን የወለሉን ተዳፋት ውኃ አፍስሶ ነው ያሳየኝ።

ሱቆቹን ሁለት ሞከርኩ፣ ሁለቱም ፖስታ ቤት አካባቢ። የመጀመሪያው ሻጭ ምንም ሳይጠይቀኝ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ብሎ ቀጭን ጎማ ሰጠኝ። አልሆነም። ልመልስ ስሄድ ዕቃ አይመለስም አለኝ። ሁለተኛው ሱቅ ያገኘኋት ልጅ ግን ገና ከመናገሬ "የቧንቧውን አፍ ለክተሻል? መቀመጫው ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ግድግዳ ነው የሚለቀው?" ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ስልኬ ላይ ቧንቧውን ከነሜትሩ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት፤ ከመቀመጫው አፍ ላይ የሚገጠምና ሾጣጣ ሆኖ ወደ 110ው ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ወፍራም የጎማ ቀለበት አወጣችልኝ። ጣቷን አስገብታ ወጥራ ሲመለስ አሳየችኝ። አዲስ ጎማ ሲወጠር ቶሎ መመለስ አለበት፤ ሲታጠፍ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል፣ አትግዙት። ካልሆነ መልሺው ብላኝ ደረሰኝ ጻፈችልኝ። ከጉዞዬ ሁሉ የተደሰትኩበት አገልግሎት ይሄ ነው።

የተከላው ቀን ጋሼ አልቸኮሉም። መቀመጫውን አንዴ ያለ ጎማው አስቀምጠው የብሎኖቹን ቦታ ምልክት አደረጉ፣ ወለሉን በሱ፣ ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ ፊሸር አስገቡ። ከዚያ ጎማውን ገጠሙና ሁለት ሆነን ቀጥ አድርገን አወረድነው። ዳዶዎቹን አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያሉ ነው ያጠበቁት። መቀመጫው መነቃነቁን ሲያቆም አቆሙ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። አንድ ጥግ በጣም ትንሽ ስለተነሳ ከሥሩ የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገቡ እንጂ በብሎን አልጎተቱትም።

እኔ ያን ሰዓት "ሲሊኮኑስ?" ስል "መጀመሪያ እንፈትሸው" አሉ። የዚያን ቀን የቧንቧ ውኃ አልመጣም ነበር፣ ከሮቶው በባልዲ እየቀዳን አሥር ጊዜ ደፋንበት፣ ዙሪያውን ደረቅ ሶፍት አነጠፍን። አንዱም አልራሰም። ሲሊኮኑን ከፊትና ከጎን ብቻ ቀቡት፣ ከኋላ ትንሽ ክፍት ተዉት። ወደፊት ቢያፈስ ውኃው በዚያ ወጥቶ ይታያል፣ ዙሪያውን ከታሸገ ግን ከሥር ተደብቆ ወለሉን ይበላል። አብዛኛው ሰው ሙሉ በሙሉ ያሽገዋል፣ የጋሼ መንገድ ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ አምና ከተከፈለው ያንስ ነበር። ጨመር አድርጌ ሰጠኋቸው፣ እማዬም ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም አለቻቸው።

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። እሑድ እሑድ ስደውል ከመቀመጫው ኋላ ሶፍት አድርጋ እንድታይልኝ እጠይቃታለሁ። ባለፈው እሑድም ሄዳ አየችና "ደረቅ ነው፣ አሁንስ ተይኝ" አለችኝ።