የጋዝ ቀመር ወይስ የእንፋሎት ሠንጠረዥ?

ድሬዳዋ ውስጥ ቴርሞዳይናሚክስ የሚጀምር የመካኒካል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ግፊትን፣ ይዘትንና ሙቀትን የሚያያይዘውን የጋዝ ቀመር (PV = mRT) ይወዳል፣ የእንፋሎት ቁጥሮች በግፊትና በሙቀት የተዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ ይሸሻል። ቀመሩ ለአየር ግሩም ነው። ጠዋት በ25 ዲግሪ፣ በጌጅ (ከአየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ በሚያነበው መለኪያ) 200 ኪሎፓስካል የተነፋ የባጃጅ ጎማ ከሰዓት 45 ዲግሪ ቢደርስስ? የከተማው የአየር ግፊት 88 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ሁለቱን ደምራችሁ ከ288 ተነሱ፤ ሙቀቱን 298 እና 318 ኬልቪን አድርጉ። ጎማው ካልተለጠጠ 307 ይመጣል፤ በጌጅ 219። በሴልሺየስና በጌጅ ንባብ ያሰላ ግን 360 ያገኛል! ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስበላው ይኸው ነው።

ውሃ ላይ ግን ቀመሩ ይከዳል። ጠብታ የሌለው ሙሌት እንፋሎት (ልክ በመፍያው ሙቀት ላይ ያለ) በ10 ኪሎፓስካል ሲሆን ቀመሩ በኪሎግራም 14.72 ኪዩቢክ ሜትር፣ ሠንጠረዡ 14.67 ይላሉ፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። በ10 ሜጋፓስካል ግን ቀመሩ 0.027 ሲል ሠንጠረዡ 0.018 ይላል። ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ስለሚሳሳቡ ቀመሩ የረሳው ጉልበት ይገለጣል።

ስለዚህ ለእንፋሎት ሠንጠረዡን አስቀድሙ ባይ ነን። መጀመሪያ በግፊቱ የመፍያውን ሙቀት ፈልጉ፦ ድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ፣ ከፍ ብላ ያለችው ሐረር 94 ገደማ። ከዚያ የተሰጣችሁን ሙቀት አስተያዩ። ካነሰ ፈሳሽ፣ ከበለጠ የጋለ እንፋሎት ነው። እኩል ከሆነ ሙቀትና ግፊት ብቻቸውን አይበቁም፤ የእንፋሎቱ ድርሻ ሳይታወቅ ከሠንጠረዡ ቁጥር አታንሱ።