ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ የካርፕ ማጥመጃ ዕቃዬ እንዴት ከረመ?

ያደግኩት ዝዋይ ነው፤ አሁን ባቱ የሚባለው። እኛ ጋ አሳ ማለት ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ የአሳ ዱለትና የአሳ ጉላሽ ነው። ካርፕም ሐይቁ ውስጥ ነበር፤ በመረብ ይወጣል፣ ይታረዳል፣ ይበላል። እንግሊዝ አገር መጥቼ ሰው አንድ ካርፕ ለመያዝ ሁለት ሌሊት ኩሬ ዳር አድሮ፣ ከያዘው በኋላ መልሶ ሲለቀው ሳይ ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም። አሁን እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ዕቃውን የገዛሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሁለት ባለ 12 ጫማ ዘንጎች፣ ክር የሚጠመጠምባቸው ሁለት ሪሎች፣ ሁለት የኤሌክትሪክ አላርሞች፣ አፉ 42 ኢንች የሆነ መረብና አሳው የሚተኛበት ፍራሽ። በጥቅል የሚሸጥ፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ዕቃ ነው። ተመሳሳዩ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ብራንዱን አልጠራም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ 31 ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አሥራ አንዱ አዳር ነበር። ደብተሬ ላይ 24 ካርፕ ተመዝግቧል። ስለዚህ አሁን ስለ ዕቃው ለመናገር የሚበቃ ነገር አለኝ ብዬ አስባለሁ።

ከሪሉ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያራሰኝ እሱ ነው። ከኋላው ትንሽ ማንሻ አለችው። ማንሻዋ ስትከፈት ክሩ እንደልቡ ይለቀቃል። ካርፕ መንጠቆው ሲወጋው ቆሞ አይጠብቅም፤ በአንድ ጊዜ ይፈተለካል። ክሩ ካልተለቀቀለት ዘንጉን ከነሪሉ ይዞት ውሃ ይገባል። አጠገቤ ያጠምድ የነበረ ወጣት ላይ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሻይ ሊቀዳ ዞር ባለበት ቅጽበት ነው ዘንጉ የሄደው። እኔ ግን ዘንጉን አንስቼ እጀታውን አንዴ ሳዞር ማንሻዋ ቀጭ ብላ ትዘጋና ዋናው ፍሬን ይይዛል። ያቺ ቀጭታ በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድም ቀን አልከዳችኝም። ያደረግኩላት ነገር ቢኖር ከእያንዳንዱ አዳር በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና በሁለት ወር አንዴ ጠብታ ዘይት ማድረግ ብቻ ነው።

ስለ ዘንጎቹ ብዙ የምለው የለም። ጥንካሬያቸው 3 ፓውንድ የሚባለው ነው፤ ማለትም ጫፉን ዘጠና ዲግሪ ለማጉበጥ ወደ 1.4 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ይፈልጋል። 85 ግራም እርሳስ፣ ማለትም ክሩን የሚያሰምጠውን ክብደት፣ እኔ ወደምፈልገው ርቀት በደንብ ይወረውራሉ። በጣም ውድ ዘንግ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አንድም ተጨማሪ አሳ የምይዝ አይመስለኝም።

አላርሙ ግን አስቸግሮኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ክሩ ትንሽ ጎማ ላይ ያርፋል፣ ክሩ ሲንቀሳቀስ ጎማው ይዞራል፣ አላርሙ ይጮሃል። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል አንደኛው ያለ ምንም አሳ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጮኸ። እኔ በየአሥር ደቂቃው ካልጋዬ እየዘለልኩ፣ ጎረቤቶቼም እየተገላበጡ ነጋ። ቤት ስከፍተው ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። በሆምጣጤ አጸዳሁት፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ቀጭን ጎማ ቅባት ቀባሁት፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ቢሆንም ውሃ ዳር እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ውሃ ማስገባት አልነበረበትም። እዚህ ላይ ቅሬታዬ ከልብ ነው።

አሁን ወደ ፍራሹ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚንቀው እሱን ነው፤ እኔም ንቄው ነበር። ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ፣ ሕፃን እንደሚታጠብበት ገንዳ ያለ ነገር ነው። ጥቅምት ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ 6 ኪሎ ከግማሽ የሚመዝን ካርፕ ያዝኩ። ባለ ትልልቅ ቅርፊቱ፣ መስታወት የሚሉት ዓይነት ነው። ፍራሹን አስቀድሜ በባልዲ ውሃ አርሼው ነበር፤ ደረቅ ነገር አሳው ላይ ያለውን ልጥልጥ ሽፋን ይገፈዋል። አሳው ሁለት ጊዜ ዘለለ። ሁለቱንም ጊዜ ያረፈው ስፖንጁ ላይ ነው እንጂ ጠጠሩ ላይ አይደለም። ዓይኑን በእርጥብ መዳፌ ስሸፍነው ጸጥ አለ። መንጠቆው የታችኛው ከንፈሩ መሐል ላይ ነበር፤ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ስለሆነ በሁለት ጣት ወጣ። የወጋበት ላይ መድኃኒት ጠብ አደረግኩለት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ጉንጩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ጅራቱ እጄን መታኝና ሄደ። እጄ ላይ የቀረው ሽታ የዝዋይ ሽታ ነበር።

እናቴ ስልክ ስትደውል ይህን ነገርኳት። «ስድስት ኪሎ? ለቀቅከው?» አለችኝ። ለቀቅኩት አልኳት። እዚህ ያለ ኩሬው ባለቤት ፈቃድ አሳ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ደግሞም ያ አሳ በዕድሜ ከልጄ ሊበልጥ ይችላል። ዝም አለች። ቀጥላ «እንግዲህ እንዳይጎዳ አድርገህ ያዘው» አለችኝ። ፍራሹን የማልንቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ጎድቻለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ርቀት የምለካው ሁለት ችካል በ12 ጫማ ልዩነት ተክዬ ክሩን እየጠመጠምኩ ነው። አሥራ ስድስት ዙር ማለት 58 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ክሩን ሪሉ ጎን ባለው መያዣ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ እርሳሱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ያርፋል። ከተወረወረ በኋላ ክሩ ከመያዣው መውጣት አለበት። ሐምሌ ላይ ደክሞኝ ረሳሁት። አሳው ሮጠ፣ ክሩ ተገታ፣ ተበጠሰ። ደግነቱ እርሳሱን የሚይዘው ቅንጥብ ክር ሲበጠስ እርሳሱን እንዲጥል ሆኖ የተሠራ ነው፤ አሳው እርሳስ እየጎተተ አልቀረም። አሁን ወርውሬ እንደጨረስኩ መያዣውን በጣቴ ሳልዳስስ አልቀመጥም።

የእንግሊዞቹ ትልቁ ብልሃት ያለው ግን መደብር በሚሸጠው ዕቃ ውስጥ አይደለም፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር በምትሆን ክር ውስጥ ነው። ምግቡን መንጠቆው ላይ አይሰኩትም። መንጠቆው ራቁቱን ይሆናል፤ ምግቡ ግን ከሥሩ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ካርፕ ምግብ ስቦ ያስገባል፣ ካላመነው ይተፋዋል። ሲተፋ ራቁቱ መንጠቆ ከንፈሩን ያገኘዋል፣ የእርሳሱ ክብደት ደግሞ ያጠብቀዋል። ይህን በ1980 አካባቢ ያወጡት ሌኒ ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ ናቸው፤ መጀመሪያ የሞከሩት በእውነተኛ የሰው ፀጉር ስለነበር ስሙም «የፀጉር» እንደተባለ ቀረ። እኔ ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እሠራዋለሁ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፌ፣ ስምንት ጊዜ እግሩ ላይ ጠምጥሜ፣ መልሼ በቀዳዳው አወጣዋለሁ። በምራቅ አርሼ ነው የማጠብቀው፤ ደረቅ ከሆነ ክሩ ይሞቅና ይዳከማል። በመንጠቆውና በምግቡ መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ክፍተት እተዋለሁ። ክፍተቷ ስትጠብ ብዙ አሳ አመለጠኝ።

ምግቡ ቦይሊ ይባላል፦ የሰሞሊናና የአኩሪ አተር ዱቄት በእንቁላል ተለውሶ፣ ተድቦልቡሎ፣ የሚቀቀል። ሲቀቀል ቆዳ ያወጣል፤ ትንንሽ አሳዎች አይበሉትም። የተገዛውም ቤት የሠራሁትም እኩል አስይዞኛል።

እንደገና ብገዛ ምን እቀይራለሁ? ለሁሉም 340 ፓውንድ ገደማ ነው ያወጣሁት። ሪሎቹን፣ መረቡንና ፍራሹን ዓይኔን ሳላሽ እገዛቸዋለሁ። ዘንጎቹን ያገለገለ እገዛ ነበር። አላርሙን ለብቻው፣ ውሃ የማያስገባውን መርጬ።

ልጄ በሰኔ 13 ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ የራሱ የአሳ ማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እስከ 16 ዓመት ድረስ በነጻ ነው። ሁለተኛውን ሪል አዲስ ክር ጠምጥሜበት አልጋው ሥር አስቀምጦታል።