ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት ወይስ ሠላሳ ሁለት፦ የኮርሴር ቬንጀንስ ኤልፒኤክስ ራም ግምገማ

ጌም ለመጫወት ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ሰው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ ወራት ሙሉ ሲያጠያይቅ ከርሞ ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ሜሞሪ) ግን በመጨረሻዋ ቀን፣ በተረፈችው ገንዘብ ይገዛል። እኔም ከዚህ የተለየ አላደረግሁም፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ጊዜ ለመግዛት ተገደድሁ። እዚህ የምገመግመው ሁለተኛውን ግዢዬን፣ ኮርሴር ቬንጀንስ ኤልፒኤክስ የተባለውን ዲዲአር 4 (የአራተኛው ትውልድ) ራም ነው፤ በአንድ ማሸጊያ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ የያዘ፣ ፍጥነቱም 3200 (በሰከንድ 3200 ሚሊዮን ጊዜ ማስተላለፍ ማለት ነው) ተብሎ የተጻፈበት ነው። የገባበት ኮምፒውተር ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር እና ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ አራት የራም ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ የተሠራ ነው። አንድ ወዳጄ የዚሁ ዓይነት ሌላ ጥንድ ለሁለት ሳምንት ስላዋሰኝ፣ በአንድ ፍሬ 8፣ በሁለት 16፣ በአራት ደግሞ 32 ጊጋባይት እያደረግሁ ያንኑ ጌም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ለመሞከር ዕድል አግኝቻለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ነበር። ሻጩ «አንድ መሆኑ ይሻልሃል፤ ነገ ስትፈልግ ሌላ ትጨምርበታለህ» አለኝ፤ ምክሩም ለጆሮ የሚጥም ስለነበር ተቀበልሁት። ያላነሣው ነገር ቢኖር ፕሮሰሰሩ ራሙን የሚያነብበው በሁለት መስመር መሆኑን፣ አንድ ፍሬ ብቻ ሲገባም አንደኛው መስመር ሥራ ፈት ሆኖ እንደሚቀር ነው። ፍጥነቱ 3200 የሆነ ዲዲአር 4 በአንድ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት መስመር ግን 51.2 ይደርሳል። የራሙ መጠን አንድ ዓይነት ሆኖ የመንገዱ ስፋት በግማሽ ያንሳል ማለት ነው። ልዩነቱ በሁሉም ጌም ላይ እኩል አይታይም፤ ግራፊክስ ካርዱ ወገቡ እስኪጎብጥ በሚሠራባቸው ጌሞች ላይ እምብዛም አይሰማም። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 ባሉት፣ ፕሮሰሰሩ ዋናውን ሸክም በሚይዝባቸው ጌሞች ላይ ግን ጭስ በበዛበትና ተጫዋች በተሰበሰበበት ቦታ የምስሉ መንቀጥቀጥ ግልጽ ነበር። ሱቁ ዕቃውን መልሶ አልወሰደልኝም፤ በመጨረሻ ለጽሕፈት ሥራ ኮምፒውተር ለሚፈልግ ሰው በኪሳራ ሸጥሁት።

ወደ ኮርሴሩ ልመለስ። ዕቃው መብራት የለውም፤ ጥቁር የአሉሚኒየም ልባስ ለብሶ ቁመቱን አሳጥሮ የተሠራ ነው፤ በዚህ ዕቃ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የወደድሁትም ይህንኑ ነው። ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ በፕሮሰሰሩ ላይ የተከለ ሰው፣ ባለ መብራቶቹ ረጃጅም ራሞች ከማቀዝቀዣው ጋር እንደሚጋጩ ከገዛ በኋላ ሲያውቅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። አገባቡ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ፍሬ ጎን ለጎን ከመሰካት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አራት ማስገቢያ ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእኔው ስንፍና ነው። ራሙ እንደተሰካ 3200 ሆኖ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ የሚያስነሣው በ2133 ነው። የተጻፈበትን ፍጥነት እንዲይዝ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የተባለውን ቅንብር ማብራት የግድ ነው፤ ቮልቴጁም ያን ጊዜ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል። እኔ ይህን ሳላደርግ አራት ወር ያህል ተጫወትሁ። ካበራሁት በኋላ ደግሞ ሲፒዩ ዜድ የተባለው መመርመሪያ ፕሮግራም 1600 ብሎ ሲያሳየኝ ለጊዜው የተታለልሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ራም በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1600 ሲባዛ በሁለት 3200 ይሆናል። ሻጮች ስለሚያስተዋውቁት ከፍ ያለ ፍጥነትም አንድ ነገር ልበል። በዕቃው ላይ ሲኤል 16 ተብሎ የተጻፈው የምላሽ መዘግየትን የሚገልጽ ሲሆን፣ ከፍጥነቱ ጋር ሲሰላ 10 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ 3600 ፍጥነት ከሲኤል 18 ጋር ሲሆንም ውጤቱ ያው 10 ናኖሰከንድ ነው። ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር ብቻ ብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ስንት ይበቃል ወደሚለው እመጣለሁ። አንዱን ፍሬ ነቅዬ በ8 ጊጋባይት ስሞክር ሁለት ጉድለት በአንድ ላይ መጥቷል፤ መጠኑም አንሷል፣ አንደኛው መስመርም ተዘግቷል። ይህን እያሰብሁ እንኳ፣ ለብዙ ሰዓት ስጫወት ያየሁት መቆራረጥ በመስመሩ መጥበብ ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ዊንዶውስ 11፣ ቴሌግራም እና ጥቂት ገጾች የተከፈቱበት ክሮም ብቻቸውን ከ8ቱ ግማሽ ያህሉን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጌሙ የቀረውን ሞልቶ ሲያልፍ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስኩ ይገለብጣል። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በሳታ ገመድ የሚሠራ ጥሩ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክማ ከዚያም በብዙ ያንሳል። የራም እጥረት መለያውም ይኸው ነው፦ አማካዩ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደኅና መስሎ ሳለ፣ ወደ አዲስ ሰፈር ሲገባ ወይም መኪና ሲፈጥን ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሳይበርፐንክ 2077 በዝቅተኛው መስፈርቱ ልክ የእኔን ግራፊክስ ካርድ እና 12 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ በ8 ሲከፈት አይከለክልም፣ ግን በከተማው ውስጥ መንዳት ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ሆነብኝ።

በ16 ይህ ሁሉ ጠፋ። ኤልደን ሪንግ ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ይላል፤ ኤፍሲ 24 ቢያንስ 8፣ ቢቻል 12 ይላል፤ ጂቲኤ 5 ደግሞ በ8 የሚረካ የቀድሞ ዘመን ጌም ነው። እነዚህን የሚጫወት ሰው፣ ኳስ ጨዋታና ተኩስ ላይ የሚያተኩር አብዛኛው የእኛ አገር ወጣትም ከዚህ ወገን ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከ16 በላይ የሚያወጣው ገንዘብ በስክሪኑ ላይ ተመልሶ አይታይለትም። አራቱንም ፍሬ ሰክቼ በ32 ስሞክር በእነዚሁ ጌሞች ላይ ያገኘሁት ለውጥ፣ ክሮምን ሳልዘጋ መጫወት መቻሌ ብቻ ነበር። አራት ፍሬ ሲሆን በፕሮሰሰሩ የራም መቆጣጠሪያ ላይ ጫና ስለሚበዛ አምራቹ ዋስትና የሚሰጥበት ፍጥነት ዝቅ ይላል፤ የእኔው በ3200 ያለ ችግር ሠርቷል፣ የሌላውም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

32 ትርፍ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ቢያንስ 8፣ ቢቻል 16፣ ለተሟላ አገልግሎት 32 ጊጋባይት ይል ነበር፤ የ2024ቱ እትም መስፈርቱን 16፣ 32 እና 64 አድርጎ በእጥፍ አሳደገው። በሲቲስ ስካይላይንስ 2 ከተማ የሚቆረቁር፣ በጌም ላይ ብዙ ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) የሚጭን፣ ወይም እየተጫወተ በቀጥታ የሚያሠራጭና ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ለ32 የሚከፍለው ገንዘብ በከንቱ አይወጣም። ከእነዚህ ወገን መሆን አለመሆኑን ለመለየት የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር (የራም አጠቃቀምን የሚያሳየውን መስኮት) መክፈት ይቻላል፤ ሆኖም እዚያ የሚታየው መቶኛ ብዙዎችን ያሳስታል። ዊንዶውስ ሰፊ ራም ሲያገኝ አብዝቶ ስለሚጠቀም፣ 70 ከመቶ ተይዟል ማለት እጥረት አለ ማለት አይደለም። «ኮሚትድ» (ፕሮግራሞች በጠቅላላ የጠየቁት ሜሞሪ) በሚለው ሥር ያለው የመጀመሪያው ቁጥር በጨዋታ መካከል ካለው ራም በልጦ ከተገኘና መቆራረጡም አብሮ ካለ ያን ጊዜ ራም መጨመር ተገቢ ነው። መቆራረጡ ኖሮ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው፤ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ያለው ሰው ራም ቢከምርም የስዕሉን ጥራት ዝቅ ካላደረገ አይድንም።

ይህ ዕቃ ለሁሉም አይሆንም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮችን ገዝተው ግራፊክስ ካርድ የሚጨምሩባቸው ብዙዎች ናቸው፤ መንገዱም ብልኅነት ያለበት ነው። ነገር ግን የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ያላቸው ዲዲአር 3 የሚቀበሉ ስለሆኑ ይህ ራም ጨርሶ አይገባባቸውም፤ እጅግ ትንንሾቹ ደግሞ የላፕቶፕ ራም ነው የሚወስዱት። 10ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 10400 የተገጠመለት የቢሮ ኮምፒውተር ዲዲአር 4 ቢቀበልም ከ2666 አያልፍም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ርካሹን 2666 በጥንድ ገዝቶ ልዩነቱን ኪሱ ቢያስቀር ይሻለዋል። በተቃራኒው፣ ግራፊክስ ካርድ ሳይገዛ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ባለ ፕሮሰሰር የሚጫወት ሰው የስዕሉም ሥራ በዚሁ ራም ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥንድ መሆኑና 3200 መድረሱ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እርሱን ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ከዜሮ የሚያስገጣጥም ሰው ነገሩ ይለይበታል። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ዲዲአር 5 ብቻ ይቀበላሉ፤ ፒኑ በቁጥር እኩል 288 ቢሆንም ቁርጡ ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። እዚያ ላይ ባለ 16 ሁለት ፍሬ እመርጥ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት በማዞራቸው የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ክፉኛ ንሯል። በ16 ጀምሮ ሁለት ማስገቢያ ክፍት መተው ዛሬ የሚያሳፍር ውሳኔ አይደለም። ሁለት ማስገቢያ ብቻ ያለው ማዘርቦርድ የገዛ ግን ነገ ለመጨመር ሲፈልግ የዛሬዎቹን ነቅሎ መጣል ስለሚኖርበት አስቀድሞ ያስብበት።

ኮርሴር ለዚህ ምርት የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ይህ ዋስትና በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው። የእኔን ያመጣችልኝ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመት በዓል የመጣች የአክስቴ ልጅ ስትሆን፣ ቢበላሽ መልሳ የምትወስድልኝም እርሷው ናት። ስለዚህ ደረሰኙን በቴሌግራም እንድትልክልኝ ጠይቄ አስቀምጬዋለሁ፤ ማሸጊያውንም አልጣልሁትም።