ያገለገለ ዕቃ ሲሸጡ፦ በአካል ወይስ በመላክ?

ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ሰው ሁለት መንገድ አለ። ገዢውን በአካል አግኝቶ ማስረከብ፣ ወይም ክፍያ ተቀብሎ መላክ። አጭበርባሪ በሁለቱም አይጠፋም፤ ዘዴው ግን ይለያያል።

ወጪ፦ በአካል ከሆነ መጓጓዣ ብቻ ነው። ሲላክ ማሸጊያና ማድረሻም አለ።

ገበያ፦ በአካል የሚገዛው ቅርብ ያለ ሰው ነው። ሲላክ ሩቅ ያለውም ይገዛል።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። በአካል ሲሆን የሚያሰጋው ዝርፊያ፣ ሐሰተኛ የገንዘብ ኖትና "ይኸው ልኬልሃለሁ" ተብሎ የሚታይ የተቀነባበረ ስክሪንሾት ነው። በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኙ። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ የባንክ አፕ እዩ፤ የገዢውን ስልክ ማየት ዋጋ የለውም።

በመላክ ግን አጭበርባሪው ጊዜና ርቀት ያገኛል። "ተሳስቼ አብልጬ ላክሁ፣ ትርፉን መልስልኝ" ይላል፤ ቆይቶ ዋናው ክፍያ ይሰረዛል። በተሰረቀ ካርድ የተከፈለ ገንዘብም ከሳምንታት በኋላ ከእናንተ ተወስዶ ለካርዱ ባለቤት ሊመለስ ይችላል። "እውነተኛ ሻጭ መሆንህን ላረጋግጥ፣ በስልክህ መልእክት የመጣልህን ኮድ ንገረኝ" ካለማ ወሬው እዚያው ያብቃ። አካውንታችሁን ሊወስድ ነው።

ስልክና ላፕቶፕን የመሰለ ውድ፣ ተሞክሮ የሚገዛ ዕቃ በአካል ቢሸጥ እመርጣለሁ። መጽሐፍ ወይም ቅርብ ገዢ የማይገኝለት ዕቃ ቢላክ ይሻላል፤ መከታተያ ቁጥር ባለው አገልግሎት። መሸጫው አፕ ዕቃው እስኪደርስ ክፍያውን ይዞ የሚያቆይ ከሆነ በዚያው ጨርሱ። "ከአፑ ውጭ እንነጋገር" የሚል ገዢ ይህንኑ ጥበቃ ሊያስጥላችሁ ነው።